ሥር የሰደደ ጭፍን ጥላቻን በቡድሂስት ሜዲቴሽን ማሸነፍ ይቻላል ወይ?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ለመጠየቅ ብዙ ያመነታሁበትን ጉዳይ ይዤ ቀርቤያለሁ። ሰውን በወገኑ መመዘን ስሕተት መሆኑን ከልቤ አምናለሁ፤ ማንም ቢጠይቀኝ የምመልሰው ይህንኑ ነው። ይሁን እንጂ ከአንድ የተወሰነ ወገን የሆነ ሰው ሲያጋጥመኝ፣ ገና አንድ ቃል ሳይናገር፣ ውስጤ ይቆጣል። የትኛው ወገን እንደሆነ አልጠቅስም፤ ከጠቀስኩት ውይይቱ ወደ እነርሱ ይዞራልና። እኔ መጠየቅ የፈለግሁት ስለ ራሴ ነው።

በመሥሪያ ቤቴ ለቅጥር የሚመጡ ማመልከቻዎችን ከሚያነቡት ሰዎች አንዱ ነኝ። የሚሆነው እንዲህ ነው። ወረቀቱን አነሣለሁ፤ ከላይ የተጻፈውን ስም አነባለሁ፤ ስሙ የዚያ ወገን ስም ከሆነ ትከሻዬ ከፍ ይላል፣ መንጋጋዬ ይጠብቃል፣ ዓይኔም የትምህርት ማስረጃውንና የሥራ ልምዱን ዘሎ ጉድለት ፍለጋ ወደ ታች ይወርዳል። በሌላ ሰው ወረቀት ላይ ልብ ሳልለው የማልፈውን፣ ለምሳሌ ያለ ሥራ ያሳለፈውን ጥቂት ወር፣ እዚህ ላይ አሰምርበታለሁ። ይህ ሁሉ የሚያልቀው አንድ ጊዜ ትንፋሽ ስቦ ለማውጣት በሚበቃ ጊዜ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ የምጽፈው አስተያየት ግን ማንም የማይነቅፈው፣ በምክንያት የተደገፈ ሆኖ ይነበባል፤ ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝም ይህ ነው።

ሰሞኑን ስለ ቡድሂስት ሜዲቴሽንና ስለ አእምሮ አሠራር ሳነብ ከራሴ ሁኔታ ጋር የሚቀራረቡ ነገሮች አገኘሁ። ልምምዱ እንዲህ ያለውን ጥላቻ በእርግጥ ይነካዋል፣ ወይስ ጥላቻዬን እንደያዝኩ ረጋ ያልኩ ሰው ብቻ ያደርገኛል? ደግሞም የራሴ ሃይማኖት አለኝ፤ ልለውጠውም አልፈልግም። ልምምዱን ከእምነቱ ለይቶ መውሰድ ይቻላል ወይ?


መልስ፦ ከአንድ የረጅም ጊዜ ተለማማጅ

የገለጹት ነገር ከቡድሃ ትምህርት ዋና ዋና ጉዳዮች አንዱ ነው። በትምህርቱ መሠረት ሰው አንድን ነገር ሲያይ ወይም ሲሰማ ወዲያውኑ ደስ የሚል፣ ደስ የማይል፣ ወይም ከሁለቱም ያልሆነ ስሜት ይነሣበታል፤ ይህ በፓሊ፣ ጥንታዊዎቹ የቡድሂስት መጻሕፍት በተጻፉበት ቋንቋ፣ ቬዳና ይባላል። ከስሜቱ ጋር «ይህ ከእነዚያ ወገን ነው» የሚል መለያ ይመጣል፤ ሳኛ የሚሉት ነው። ከዚያ ሐሳብ ይከተላል፤ ሐሳቡም ሌላ ሐሳብ እየወለደ፣ ከልጅነት ጀምሮ የተሰማውን ወሬ፣ ያለፈውን ቂምና የሚመጣውን ስጋት ሁሉ እየጎተተ ይንዛዛል፤ ይህኛውን ፓፓንቻ ይሉታል። ማዱፒንዲካ በሚባለው የቡድሃ ንግግር ውስጥ ይህ ቅደም ተከተል ደረጃ በደረጃ ተቀምጧል፤ በሰዎች መካከል የሚነሣው ክርክር፣ ጠብና ዱላ መማዘዝ ሳይቀር ምንጩ ከዚሁ ሰንሰለት ጋር ተያይዞ ተነግሯል።

እርስዎ የሰንሰለቱን መጀመሪያ፣ የትከሻውን መነሣትና የመንጋጋውን መጥበቅ፣ ማየት ችለዋል። ይህን ቀላል አድርገው አይውሰዱት። ብዙ ሰው የሚያውቀው የመጨረሻውን፣ በምክንያት የተሸፈነውን አስተያየት ብቻ ነው፤ ስለዚህም ጥላቻው ራሱ የመረመረው እውነት ይመስለዋል።

ልምምዱ የሚሠራው ደስ በማይለው ስሜትና በሚከተለው ትረካ መካከል ነው። ሳቲፓታና በሚባለው ትምህርት የሚታዩ አራት መስኮች አሉ፤ እነርሱም አካል፣ ስሜት፣ የአእምሮ ሁኔታና የትምህርቱ ልዩ ልዩ ርእሶች ናቸው። ለእርስዎ ጉዳይ ከሁሉ የሚጠቅመው ሁለተኛው ይመስለኛል። በጸጥታ ተቀምጠው ትንፋሽዎን ይከታተሉ። ከውጭ የሚረብሽ ድምፅ ሲመጣ፣ ጉልበትዎ ሲያምዎት ወይም ፊትዎን ሲበላዎት «ደስ የማይል» ብለው በልብዎ ይለዩት፤ ከዚያም ድምፁን ያሰማው ማን እንደሆነ፣ ለምን እንደማያፍር፣ ምን ቢደረግ እንደሚሻል ወደሚያወራው ሐሳብ ሳይሄዱ ስሜቱ ሲነሣ፣ ሲቆይና ሲያልፍ ይመልከቱት። በእንዲህ ያለ ጥቃቅን ነገር ላይ ያልተለማመደ ሰው ከባዱ ነገር ሲመጣ ሊይዘው አይችልም፤ ብዙዎች ልምምዱ አልሠራልንም የሚሉትም በቀጥታ ከከባዱ ስለሚጀምሩ ነው።

ከጊዜ በኋላ ያው ልምምድ ወረቀቱን በያዙበት እጅ ላይ ይመጣል። ስሙን ሲያነቡ መንጋጋዎ ይጠብቃል፤ መጥበቁን ያውቁታል፤ ዓይንዎን ወደ ታች ሳያወርዱ እዚያው ስሙ ላይ ቆመው ትንፋሽዎን አንድ ሁለት ጊዜ ይከተላሉ። ጥብቀቱ ላላ ሲል ወረቀቱን ከላይ ጀምረው በተራ ያነባሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ትምህርቱ ስለ አእምሮ ሁኔታ ሲናገር፣ በአእምሮ ውስጥ ጥላቻ ሲኖር ጥላቻ እንዳለ፣ ሳይኖር ደግሞ እንደሌለ ማወቅን ነው የሚያዘው፤ ራስን መራገምን አያዝም። ራስን መጥላት ሌላ ዙር ጥላቻ ነው፤ ከማየትም ያዘናጋል።

ስለ ሃይማኖት ለጠየቁት፣ ጆን ካባት-ዚን በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት የጀመሩት፣ በኋላም በብዙ አገር ሆስፒታሎች የተስፋፋው የስምንት ሳምንት ሥልጠና ልምምዱን ያለ ሃይማኖታዊ ሥርዓት ያስተምራል። እምነትዎን መለወጥ አይጠበቅብዎትም። ሆኖም ልምምዱን ከሥነ ምግባሩ ነጥለው እንዳይወስዱት አጥብቄ እመክራለሁ። በትውልድ ቦታው ሜዲቴሽን የሚመጣው ከቀና ንግግር፣ ከቀና ተግባርና ከቀና መተዳደሪያ ጋር ነው፤ ያለ እነርሱ፣ የሚፈሩት ይኸው «ረጋ ያለ ጥላቻ» ሊከሰት ይችላል።


መልስ፦ ከአንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ

ከላይ በተሰጠው መልስ እስማማለሁ፤ ከጥናቱ በኩል ግን መጨመር ያለበት ነገር አለ።

በመጀመሪያ፣ የሚያምኑትና የሚሰማዎት መለያየቱ ግብዝ አያደርግዎትም። ፓትሪሺያ ዴቫይን በ1989 ባሳተመችው ጥናት፣ በማኅበረሰቡ ውስጥ የሚነገረው የተዛባ ምስል ጥላቻ ባላቸውም በሌላቸውም ሰዎች አእምሮ ውስጥ ሳይጠሩት እንደሚቀሰቀስ፣ ልዩነቱ የሚመጣው ሰውየው ከዚያ በኋላ አውቆ በሚያደርገው ነገር ላይ እንደሆነ አሳይታለች። ሄንሪ ታይፌልና ባልደረቦቹ ደግሞ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ልጆችን «የክሌን ሥዕል የመረጡ» እና «የካንዲንስኪን ሥዕል የመረጡ» ብለው በመክፈል ብቻ፣ ልጆቹ ለራሳቸው ቡድን አባላት እንደሚያደሉ አይተዋል። ቂምም ታሪክም በሌለበት፣ «እኛ» እና «እነርሱ» መባሉ ብቻውን በቂ ሆኗል።

ሁለተኛው ነጥብ ከልምምዱ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። አብዛኛው ሰው እንዲህ ያለ ስሜት ሲመጣበት የሚወስደው እርምጃ ማፈን ነው፤ «እንዲህ ማሰብ የለብኝም» ብሎ ይታገላል። ኒል ማክሬና ባልደረቦቹ በ1994 ባሳተሙት ጥናት፣ ተሳታፊዎች ስኪንሄድ ከሚባሉት፣ ጭንቅላታቸውን ከሚላጩ ወጣቶች የአንዱን ፎቶግራፍ አይተው ስለ ሰውየው ውሎ እንዲጽፉ ተጠየቁ፤ ገሚሶቹ የተለመደውን የተዛባ ምስል እንዲያስወግዱ ታዘዙ። በመጀመሪያው ጽሑፍ ተሳካላቸው። ሁለተኛ ፎቶግራፍ ያለ ትእዛዝ ሲሰጣቸው ግን ምስሉን ካላፈኑት ሰዎች የባሰ የተዛባ ነገር ጻፉ። በሌላው ሙከራም ያንን ሰው ሊያገኙ ወደ አንድ ክፍል ሲገቡ፣ እርሱ ዕቃውን ካስቀመጠበት ወንበር ይበልጥ ርቀው የተቀመጡት እነዚሁ አፍነው የቆዩት ሆኑ። ቀደም ብሎ የተገለጸው «ማየትና ማወቅ» ከማፈን ተቃራኒ በመሆኑ፣ ለዚህ ችግር የተሻለ መንገድ እንደሆነ አምናለሁ።

በተለይ ሜታ የሚባለውን፣ ለሰው መልካም የመመኘትን ሜዲቴሽን በተመለከተ፣ ዩና ካንግ፣ ጄረሚ ግሬይና ጆን ዶቪዲዮ በ2014 በአሜሪካ የተደረገ ጥናት አሳትመዋል። አንደኛው ቡድን ለስድስት ሳምንት ልምምዱን ሠራ፤ ሁለተኛው ስለዚያው ሐሳብ እየተወያየ ልምምዱን ግን ሳይሠራ ቆየ፤ ሦስተኛው ተራውን ይጠብቅ ነበር። በጥቁሮችና መጠለያ በሌላቸው ሰዎች ላይ ያለው ሳይታወቅ የሚሠራ አድልዎ የቀነሰው በተለማመዱት ላይ ነው። በሐሳቡ መስማማትና ልምምዱን መሥራት የተለያዩ መሆናቸውን ይህ ውጤት በሚገባ ያሳያል።

ቢሆንም ከዚህ የበለጠ ተስፋ ልሰጥዎት አልችልም። ፓትሪክ ፎርሸርና ባልደረቦቹ በ2019 ያሳተሙት፣ 492 ጥናቶችን የገመገመ ሥራ እንዲህ ባሉት መለኪያዎች ላይ ለውጥ ማምጣት ቢቻልም፣ ያ ለውጥ ወደ ባሕርይ ለውጥ እንደሚሻገር ማስረጃ አላገኘም። ስለዚህ የልብዎን ሥራ እየሠሩ የእጅዎንም ሥራ ማሠሪያ ያብጁለት። ማመልከቻዎቹ ስማቸው ተሸፍኖ እንዲቀርቡልዎት ይጠይቁ፤ መመዘኛውንና ነጥቡን አንድም ወረቀት ሳይነበብ በጽሑፍ ይወስኑ፤ ለሁሉም በዚያው ይስጡ። ሥራ የፈታበት ጊዜ ነጥብ የሚያስቀንስ ከሆነ ለሁሉም ያስቀንስ፤ ካልሆነ ለማንም።


መልስ፦ ስሙ ከተነበበበት ወገን

እኔ ከእነዚያ ስማቸው ሲነበብ የአንባቢው ትከሻ ከፍ ከሚልባቸው ሰዎች አንዱ ነኝ። ጠያቂውን ለግልጽነትዎ አመሰግናለሁ፤ ይህን ስጽፍም በቁጣ አይደለም። ነገር ግን በሁለቱ መልሶች ውስጥ ያልተነካ ነገር አለ።

ሜዲቴሽን ብቻውን ጥላቻን ቢያስቀር ኖሮ ሚያንማር ውስጥ የሆነው ባልሆነ ነበር። በ2017 ከ700,000 በላይ ሮሂንጋዎች፣ የዚያች አገር አናሳ ሙስሊሞች፣ ወደ ባንግላዴሽ ሲሰደዱ፣ ከዚያ በፊት ለዓመታት በእነርሱ ላይ ጥላቻን በአደባባይ ሲሰብኩ ከነበሩት መካከል የቡድሂስት መነኮሳት ይገኙበታል። ሳቲን፣ ማለትም ከላይ የተገለጸውን በንቃት ማየት፣ እንዲሁም ሜታን ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ልምምዱ «ለፍጥረት ሁሉ» እየተባለ ሲደጋገም፣ ያ «ሁሉ» ማንን ሳይጨምር እንደሚቀር የሚጠይቅ ከሌለ፣ አጥሩ እንደቆመ ይኖራል።

በሌላ በኩል ይኸው ትምህርት ለተናቁት መነሻ ሲሆንም ታይቷል። በሕንድ የካስት ሥርዓት የማይነኩ ተብለው ከተናቁት ከዳሊቶች የተወለዱት ቢ. አር. አምቤድካር ጥቅምት 14 ቀን 1956 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በናግፑር ከተማ ቡድሂዝምን ሲቀበሉ፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተከትለዋቸዋል። ቫሴታ በሚባለው ጥንታዊ ንግግር ቡድሃ እንስሳትና ዕፅዋት በዘር በዘራቸው እንደሚለያዩ፣ በሰው መካከል ግን በልደት የሚመጣ እንዲህ ያለ ልዩነት እንደሌለ ያስተምራል። ይህን ሳነብ ያጽናናኛል። በቡድሂስት ሥነ ልቦና ማና የሚባለው፣ ራስን ከሌላው ጋር የማመዛዘን ዝንባሌ «እበልጣለሁ» የሚለውን ብቻ ሳይሆን «አንሳለሁ» የሚለውንም ይጨምራል፤ እኛ ስለ ራሳችን ያመንነው ዝቅታም እንደዚያው ሊታይና ሊለቀቅ የሚገባው እንደሆነ የተረዳሁት ከዚህ ነው።

ለእርስዎ ግን የምለው አጭር ነው። የአመልካቹ እንጀራ የእርስዎ ልብ እስኪጠራ መጠበቅ የለበትም። ከዚህ በፊት ያሰመሩባቸው ወረቀቶች አሁንም በማኅደር ካሉ አውጥተው ሌላ ሰው እንዲያነባቸው ያድርጉ። ይህ እስኪሆን ድረስም ከዚያ ወገን የሚመጡትን ማመልከቻዎች ብቻዎን አይወስኑ።


ጠያቂው

ሦስታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ስሞቹ እንዲሸፈኑ ለክፍሉ ኃላፊ በጽሑፍ አመልክቻለሁ፤ ውድቅ የተደረጉትም ማመልከቻዎች በሌላ አንባቢ እንዲታዩ ጠይቄያለሁ። ማኅደሩን የመክፈት ሥልጣን የእርሳቸው በመሆኑ መልሳቸውን እየጠበቅሁ ነው።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ሜታን ሞከርኩት፤ «እነርሱ ሁሉ ደስተኛ ይሁኑ፣ በሰላም ይኑሩ» ስል ግን ቃሉ በአፌ ላይ ይደርቃል፤ ውሸት እየተናገርኩ ይመስለኛል። እንዲህ ሲሆን ማስገደድ ይገባል ወይ?


መልስ፦ ከመጀመሪያው ተለማማጅ

በቅድሚያ ሦስተኛው መልስ ሰጪ የጻፉት ልክ ነው፤ እኔም ልምምዱን ስገልጽ የተግባሩን ነገር እንዲህ በግልጽ ማስቀመጥ ነበረብኝ።

አያስገድዱት። ቃሉ የሚደርቀው በሁለት ምክንያት ይመስለኛል። አንደኛው ከማይጀመርበት በመጀመርዎ ነው። ቡድሃጎሳ በ5ኛው መቶ ዘመን በስሪላንካ ባዘጋጁት ቪሱዲማጋ በተባለው መጽሐፍ ሜታ የሚጀመረው ከራስ ነው፤ ቀጥሎ የሚያከብሩትና የሚወዱት ሰው፣ ከዚያ ፍቅርም ጥላቻም የሌለብዎት ሰው፣ በመጨረሻ የሚጠሉት ሰው ይመጣል። በጠላት መጀመር ቁጣን እንደሚቀሰቅስ መጽሐፉ ያስጠነቅቃል። አንዱ ደረጃ ለስለስ ሳይል ወደሚቀጥለው አይለፉ፤ ወደ መጨረሻው ሲደርሱ ቁጣ ከተነሣ ወደ ኋላ ተመልሰው ከሚወዱት ሰው እንደገና ይጀምሩ።

ሁለተኛው ምክንያት «እነርሱ ሁሉ» ማለትዎ ነው። ለጅምላ መልካም መመኘት ይከብዳል፤ ጅምላው ራሱ የጥላቻው ሥራ ስለሆነ። ከዚያ ወገን ከሆኑት መካከል መልኩን የሚያውቁትን፣ ምንም ያላደረገዎትን አንድ ሰው ይምረጡ፤ በየቀኑ በር ላይ የሚያልፉትን ወይም አንድ ጊዜ ያከመዎትን። ፊቱን፣ አካሄዱን፣ ድምፁን ያስታውሱ። እርሱም ሲታመም እንደሚፈራ፣ ልጁ ሲዘገይበት በር በር እንደሚያይ ያስቡ። ከዚያ «ደኅና ይሁን» ይበሉ። ምንም ባይሰማዎት አይጨነቁ፤ የሚለማመዱት ምኞቱን ነው፤ ስሜቱ ሲመጣ ይመጣል።

መጠንቀቅ የሚገባው ሌላ ነገር አለ። በዚህ ትምህርት እያንዳንዱ መልካም ባሕርይ ተቃራኒው ከሆነው «ሩቅ ጠላት» ሌላ፣ እርሱን የሚመስል «ቅርብ ጠላት» አለው። የሜታ ሩቅ ጠላት ክፉ መመኘት ሲሆን ቅርብ ጠላቱ በስስት የሚወድ ፍቅር ነው፤ ለምሳሌ ከዚያ ወገን የሚመቸንን አንዱን ሰው «እርሱ እንኳ እንደ እነርሱ አይደለም» ብለን መውደድ ከዚሁ የሚመደብ ይመስለኛል። ኡፔካ የሚባለው የአእምሮ ሚዛን ቅርብ ጠላቱ ደግሞ ካለማወቅ የሚመጣ ግድየለሽነት ነው፤ «እኔ ሁሉንም እኩል ነው የማየው» ብሎ በሌላው ላይ የሚደርሰውን በደል አለማየት እንደዚህ ያለ ነው። ጥላቻው ሲለሳለስ በእነዚህ መልኮች ሊመለስ ስለሚችል ይከታተሉት።

የልምምዱ መለኪያ ምን እንደሆነ የሚያሳይ አንድ ጥያቄም በዚያው መጽሐፍ ተቀምጧል። ከሚወዱት፣ ከማይወዱትም ከማይጠሉትም፣ ከሚጠሉት ሰው ጋር አራት ሆናችሁ ተቀምጣችሁ ሳለ ሽፍቶች መጥተው «የአንዱን ደም ልናፈስ ነው፤ ማንን እንውሰድ?» ቢሉ፣ «ያንን ጠላቴን ውሰዱ» የሚል ሰው በልቡ ሰውን ከሰው የሚለየውን ድንበር እንዳላፈረሰ ግልጽ ነው። «እኔን ውሰዱኝ» የሚለውም ግን ገና አላፈረሰውም ይላል። ከአራቱ አንድም የሚሰጥ ሰው ያልታየው ነው ድንበሩን ያፈረሰ። እኔ ራሴ እዚያ አልደረስኩም፤ ይሁን እንጂ ልምምዱ ራስን መናቅን እንደማይጠይቅ ስለሚያሳይ ብዙ ጊዜ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።


መልስ፦ ከሥነ ልቦና ባለሙያው

በመጨረሻ ስለ ጥንቃቄ ልጨምር። ጥላቻው ከደረሰብዎት ከባድ ጉዳት ጋር የተያያዘ ከሆነ፣ ዓይንን ጨፍኖ መቀመጥ የቆየውን ፍርሃት ሊቀሰቅስ ይችላል። እንዲያ ከሆነ ጊዜውን ያሳጥሩ፣ ዓይንዎን ገልጠው ይለማመዱ፣ ከባለሙያ ጋርም ይነጋገሩ። ጉዳት ከሌለ ግን ከሜዲቴሽኑ ጎን ለጎን ከዚያ ወገን ሰዎች ጋር አንድ ሥራ አብረው የሚሠሩበትን ዕድል ይፈልጉ። ጎርደን ኦልፖርት በ1954 እንዳስቀመጠው፣ በእኩል ደረጃ፣ ለጋራ ግብ፣ በትብብርና የበላይ አካል በደገፈው መንገድ የሚደረግ ግንኙነት ጥላቻን ይቀንሳል፤ ቶማስ ፔቲግሩና ሊንዳ ትሮፕ በ2006 ከ500 በላይ ጥናቶችን መርምረው ግንኙነት በአብዛኛው እንደሚረዳ፣ አራቱ ሁኔታዎች ሁሉ ባይሟሉም እንኳ ጥቅም እንዳለው አግኝተዋል። በቅጥር ኮሚቴው ውስጥ ከዚያ ወገን የሆነ፣ ከእርስዎ እኩል ድምፅ ያለው ሰው እንዲገባ መጠየቅ ለእርስዎ ቅርቡ መንገድ ይመስለኛል።